የኮሚቴ ፈቃድ ስለሚጠብቀው ሰርቨር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ደምመላሽ ጥሩሰው
የኮሌጅ ምዝገባ ዲጂታል ሥርዓት አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች ብርታት፣ ክላውድ ላይ ብቻውን ለሚደክመው ለአንዱ ሰርቨርዎ ደግሞ ትንሽ እረፍት እመኛለሁ። እኔና ባለቤቴ ስርጉት፣ ደረጃ መውጣት ከማይወደው ጉልበቴ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን።

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት፣ ይህን ግልጽ ደብዳቤ የሚያነብ ሁሉ አንድ ነገር መረዳት አለበት። የምዝገባ ድረ ገጽዎ ዓመቱን ሙሉ ሥራ የለውም፤ ሥራው ሁሉ በአንድ ሳምንት ይመጣል። በቀሩት ወራት ማንም ዝር አይልበትም። በዚያች ሳምንት ግን ከካማሺ እስከ ግልገል በለስ ያለ፣ ኮሌጅ የተመደበ ተማሪ ሁሉ «ቦታዬን ተቀብያለሁ» ብሎ ለማረጋገጥ እኩል ይገባበታል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህ አንድ ሐቅ ማብራሪያ ነው።

ያቺ ሳምንት ይህች ናት። ገጹ ሰኞ ጠዋት ተከፈተ፤ ሰኞ ጠዋት ወደቀ። በመመሪያዎ መሠረት እስከ ዓርብ የሥራ መውጫ ሰዓት ያላረጋገጠ ተማሪ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ካማሺ ሳስተምር ባልደረባዬ የነበረ ሰው ልጅ ጋዲሴ፣ በቀበሌዋ ኔትወርክ ስለሌለ ያንን ሁላችንም የምናውቀውን አስቸጋሪ መንገድ በጭነት መኪና ተጉዛ መጥታ እኛ ቤት አርፋለች። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ እስካሁን አላረጋገጠችም። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ባለፈው ዓመት የወላጆች ተወካይ አድርገው በሥርዓት መረጣ ኮሚቴው ውስጥ ስላስቀመጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የተመረጥኩት ጥያቄ አይጠይቅም ተብሎ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የቀረቡልን ምርጫዎች ሁለት ነበሩ፤ ስብሰባው ላይ ላልነበረ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ።

ክላውድ ማለት የሌላ ሰው ኮምፒውተር በኢንተርኔት ተከራይቶ መሥራት ነው። አንደኛው የኪራይ መንገድ ቨርቹዋል ሰርቨር ይባላል። ይህ አራሽ ቀጥሮ ቤት እንደ ማሳደር ነው፤ ሥራ ኖረም አልኖረም ቀለቡን ይበላል። ጥሩነቱ፣ አዝመራ ሲደርስ ወንድሞቹን ራሱ ጠርቶ ያመጣል፣ አጨዳው ሲያልቅ ራሱ ይመልሳቸዋል፤ ባለሙያዎቹ ይህን አውቶ ስኬሊንግ ይሉታል። ወንድሞቹ እስኪደርሱ ግን ጥቂት ደቂቃዎች ያልፋሉ። ሁለተኛው መንገድ ሰርቨርለስ ይባላል። ሰርቨር የለም ማለት አይደለም፤ ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው አከራዩ ነው፣ የእኛ ድርሻ ፋንክሽን የሚሉትን አጭር የሥራ ትእዛዝ ጽፎ መስጠት ብቻ ነው። እኛ በሠፈራ መጥተን ይህን መሬት ያቀናን ሰዎች ይህን አሠራር ለመረዳት ፕሮጀክተር አላስፈለገንም፤ ደቦ ነው። ማሽላው ሲደርስ ሰው ይጠራል፤ የተጠራው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይመጣል፣ አጭዶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ባልተጠራበት ቀን ማንም ከጎተራችን አይበላም። ጉድለቱ፣ ፊተኛው ሰው ከተኛበት ተነሥቶ ጫማውን እስኪያጠልቅ ይዘገያል፤ ሰዓቱ ሲደርስም ሥራው ባያልቅ እንኳ ጥሎ ይሄዳል።

በዓመት አንድ ሳምንት ብቻ ለሚታጨድ ማሳ የትኛው እንደሚሻል የአራተኛ ክፍል ተማሪ በቃሉ ይመልሰዋል። ኮሚቴው ግን የተቋቋመው በቃል ለመመለስ አልነበረም።

፪. ደቦውን ውድቅ ያደረጋችሁበት ምክንያት ጥልቀቱ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ለወራት በዘለቀው ውይይት የንብረት ክፍል ኃላፊው፣ «ሰርቨር ከሌለው የንብረት ቁጥሩን ምን ላይ ልለጥፈው? ነገ ቆጠራ ሲመጣ ወደ ሰማይ ላሳያቸው?» ብለው ጠየቁ፤ ጥያቄው በጭብጨባ ታለፈ። የፋይናንሱ ተወካይ ደግሞ፣ «ካልሠራንበት አንከፍልም የምትሉት ነገር አደገኛ ነው። ዘንድሮ ዜሮ የከፈለ መሥሪያ ቤት ለከርሞ በጀቱም ዜሮ ነው» አሉ። የአገልግሎቱን ትልቅ ጥቅም ትልቅ ሥጋት አድርጎ ማየት ልምድ ይጠይቃል፤ እኔ ሠላሳ ምናምን ዓመት አስተምሬ ያልደረስኩበት ነው። ፊተኛው ተጠቃሚ ይዘገያል ለተባለው ጉድለትም ገጹን በየጠዋቱ የሚቀሰቅስ ሠራተኛ ይቀጠር የሚል መፍትሔ ቀርቦ፣ የቀስቃሹ የሥራ መደብ ደረጃ ስንት ይሁን በሚለው ላይ ሁለት ስብሰባ አለቀ።

ለእውነት ስል፣ አንድ ቁም ነገር ያለው መቃወሚያ እንደነበር መደበቅ የለብኝም። ምርጫዎቹን ሊያስረዳን ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ፣ ስንት መቶ ፋንክሽን በአንዴ ቢነሣ ሁሉም የሚጽፈው አንዲት የመረጃ ቋት ላይ ስለሆነ እዚያ መጨናነቅ እንዳይፈጠር ይታሰብበት ብሎ ነበር። አጫጁ ሁሉ ነዶውን ተሸክሞ አንዲት ጠባብ አውድማ በር ላይ ሲጋፋ ይታየኝ ስለነበር እጄን አወጣሁ። የሻይ ሰዓት ደርሶ ነበርና አላዩኝም።

፫. በመጨረሻ ቨርቹዋል ሰርቨሩ ተመረጠ። ምርጫው ክፉ አልነበረም፤ እኔም ከማጨብጨብ አልሰነፍኩም። ሆኖም አውቶ ስኬሊንግ የሚለው ነገር ሲነበብ ክቡርነትዎ መነጽርዎን አውልቀው የተናገሩትን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ «ሰርቨር ማንንም ሳያስፈቅድ ሌላ ሰርቨር የሚጨምር ከሆነ፣ እኛ እዚህ ምን እንሠራለን?» ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ስለዚህ በሥርዓቱ ማስተካከያ ላይ «ዝቅተኛው ቁጥር» በሚለው ቦታ አንድ፣ «ከፍተኛው ቁጥር» በሚለው ቦታም አንድ ተብሎ ተሞላ። ከአንድ በላይ ሲያስፈልግ በየሁለት ሳምንቱ የሚሰበሰበው ኮሚቴ እንዲወስን ተደረገ።

ክቡር ሆይ፣ ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ከአንድ ተነሥቶ እስከ አንድ ድረስ የሚሰፋ ነገር ግን ከዚህ በፊት አልገጠመኝም። ዓለም የሚያውቀው ሁለት መንገድ ነበር፤ በኮሚቴ የሚሰፋውን ሦስተኛውን መንገድ ያበረከተችው አሶሳ በመሆኗ እንደ ከተማዋ ነዋሪ ልኮራ ይገባኛል።

፬. ሰኞ ዕለት የሆነውን በሚመለከት ጽሕፈት ቤትዎ ለሰነድ ያለውን ክብር አደንቃለሁ። ከቢሮዎ ሰዎች እንደሰማሁት፣ ሰርቨሩ ጭነቱ ሲበዛበት እንደተሠራበት ደንብ «አቅሜ አልቋል፣ ተጨማሪ ያስፈልገኛል» የሚል መልእክት በኢሜይል ልኳል። መዝገብ ቤት መልእክቱን አትሞ፣ የገቢ ደብዳቤ ቁጥር ሰጥቶ፣ ማኅተም መትቶ ለቀጣዩ ስብሰባ አጀንዳ አስይዞታል። ቀጣዩ ስብሰባ የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው፤ ምዝገባው የሚዘጋው የዚህ ሳምንት ዓርብ ነው። ሰርቨሩ በዚያው ጠዋት ደጋግሞ ጽፏል አሉ፤ መዝገብ ቤቱም ደጋግሞ መዝግቧል። እኔ በአገልግሎት ዘመኔ ለመሥሪያ ቤቶች ከጻፍኳቸው ማመልከቻዎች አንዱ እንኳ እንዲህ በቶሎ ገቢ ሆኖ አያውቅም፤ ለማሽን የሚደረገው መስተንግዶ ለሰውም እንዲዳረስ ተስፋ አለኝ።

ይህ ሁሉ ድንገት የመጣ ጎርፍ ቢሆን ኖሮ አፌን እዘጋ ነበር። ነገር ግን ምዝገባው ሰኞ ጠዋት ይከፈታል ብለው በሬዲዮ ያወጁት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ቨርቹዋል ሰርቨርን «ሰኞ ጠዋት አምስት ሁነህ ጠብቀኝ» ብሎ በዋዜማው ማዘዝ እንደሚቻል ያ ባለሙያ በሰሌዳው ላይ ጽፎልን ነበር። የሠርጉን ቀን ራሱ ቆርጦ፣ ጥሪውን ራሱ በትኖ፣ ዕድምተኛው ሲመጣ «ማን ጠራችሁ?» የሚል ባለሠርግ ከዚህ ቀደም አላየሁም።

፭. ገጹ ለሚያሳየው ትሕትናም ምስጋናዬ ይድረስዎ። «እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ» ይላል። ቆይተን ሞክረናል። መናኸሪያው አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ያላት ኢልሊ፣ ተማሪዎቹን በወረፋ አስቀምጣ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ስትሮጥ ውላ፣ ትናንት ወደ እኔ ዞራ፣ «ቲቸር፣ ይቺ ገጽ እንደ ባምባሲ ሚኒባስ ናት እኮ። ‹ሞልቷል፣ መሄዳችን ነው› ትላለች እንጂ አትሄድም» አለችኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ። ጋዲሴ አልሳቀችም። ደጋግማ ከጻፈችው የምዝገባ ቁጥሯ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «ቲቸር፣ እኔ የሆነ ነገር ተሳስቼ ነክቼ ይሆን?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ምስጋናዬን ለአፍታ ላቁም። ክልሉ ውስጥ ካሉ ተፈታኞች መካከል በጥሩ ውጤት ያለፈች ልጅ፣ ጥፋቱ የእኔ ይሆን ብላ ትጠይቃለች። አልተሳሳትሽም አልኳት። አላመነችኝም፤ ምክንያቱም መመሪያዎ በጊዜው ያላረጋገጠውን ተማሪ «ፍላጎት እንደሌለው ይቆጠራል» ይላል። ከካማሺ በጭነት መኪና መጥታ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ገጽ ፊት የተቀመጠች ልጅ ፍላጎት የላትም ከተባለ፣ ፍላጎት ያላት ምን ስታደርግ እንደምትታወቅ ለማስተማሪያ ያህል ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ክቡር ሆይ፣ ከሁለቱ መንገዶች የትኛው ይሻላል ብለው ቢጠይቁኝ፣ ላልጠየቁኝም ጥያቄ መመለስ የለመድኩ ነኝና፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ ሰርቨርለሱን እመርጣለሁ፤ የመረጃ ቋቱ በር አስቀድሞ ከሰፋ። ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚገባበት፣ ሳያቋርጥ የሚሠራ አገልግሎት ቢሆን ደግሞ ቨርቹዋል ሰርቨሩን እመርጥ ነበር። ነገር ግን ይህ የከርሞ ክርክር ነው፤ ለዛሬ የተመረጠው ይበቃል። የጎደለው ቴክኖሎጂ አይደለም። አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ «ከፍተኛው ቁጥር» በሚለው ቦታ ያለውን አንድ አጥፍቶ አሥር ይጻፍ። ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

ይህ ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ ሊፈጸም የማይችል ከሆነ፣ ምዝገባው ገጹ ለወደቀባቸው ቀናት ያህል ይራዘም። እርሱም ከከበደ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ግቢ ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር አንድ ጠረጴዛ ይውጣና የተማሪዎቹ ማረጋገጫ በእጅ ይጻፍ፤ ጠረጴዛው የንብረት ቁጥር እንዳለው በዓይኔ አይቻለሁ። ለጸሐፊነት እኔ አለሁ፤ ጽሑፌ የሚነበብ ነው፣ ቀለብም አልጠይቅም።

ለሰጡን ትዕግሥት የመማር ዕድል፣ ለአንዱ ሰርቨርዎ ታማኝነት፣ ላልደረሰው ውሳኔዎ ጥራት፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ጉልበቴ በፈቀደልኝ መጠን እጅ እየነሣሁ፣

የዘወትር አክባሪዎና የኮሚቴዎ ድምፅ አልባ አባል፣
መምህር የሻው ደባልቄ
የሒሳብ መምህር፣ በጡረታ ላይ
አሶሳ፣ ረቡዕ

ማሳሰቢያ፦ ጋዲሴ የተመደበችው ምን ልትማር እንደሆነ ሳልጠቅስ ቀርቻለሁ፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። ስትመረቅ የመጀመሪያውን የሥራ ማመልከቻዋን የት እንደምታስገባ ከወዲሁ ነግራኛለችና፣ እስከ ዓርብ ዝም ማለቱ ለአንዳንድ የጽሕፈት ቤትዎ ወንበሮች ያለውን ጥቅም በሚገባ እረዳለሁ። ያም ሆኖ፣ ክቡር ሆይ፣ መልስዎን እስከ ነገ ጠዋት ይላኩልኝ። ልጅቱ ቁጭ ብላ እየጠበቀች ነው።