«ሲመሽ አትውጪ» ላሉን የጤና ጣቢያችን ክቡር ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ ያለኝን የማይነጥፍ ምኞት አቀርባለሁ። ቢታመሙ ወዴት እንደሚሄዱ ባላውቅም፣ ወደ ራስዎ ጣቢያ እንደማይመጡ ግን አልጠራጠርም።

እኔ ከጣቢያዎ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ ታናሽ እህቴ፣ ነፍሰ ጡር ሳለች እርስዎ ዘንድ ስለመጣችው ጸጉር ሠሪ ነው። ቅሬታዎቼ ተደራርበው እንዳያደክሙዎ በቁጥር ለያይቻቸዋለሁ።

አንደኛ፦ እህቴ ሆዷ ገፋ ሲል፣ ቀን ደህና እያየች ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዓይኗ እምቢ አላት። አንድ አመሻሽ ላይ የደንበኛዋ ጆሮ ከመቀስ የተረፈው በፈጣሪ ቸርነት ነው። ደንበኛዋ ጆሮዋን ይዛ ወጣች፤ አልተመለሰችም። እህቴም ተሸማቅቃ ወደ እርስዎ መጣች። እርስዎ ከስልክዎ ቀና በማለት ጊዜ ሳያባክኑ፣ «ሲመሽ ካላየሽ፣ ሲመሽ አትውጪ» ብለው አሰናበቷት። ስለ ምክሩ እጅ ነሥተናል፤ የትም መድኃኒት ቤት ብንሰለፍ አናገኘውም ነበር።

ሁለተኛ፦ ምክርዎን አክብራ ቤቷ ዋለች፤ ቤቷም አመሸች። ችግሩ፣ ምሽት ሳያንኳኳ ቤት የሚገባ ባለጌ መሆኑ ነው። ከጓዳ ስትወጣ ደረጃውን ስታ ወደቀች። ባሏ ጠርቶኝ ስደርስ ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። «እትዬ፣ መንቀሳቀሱን ተወ» አለችኝ። እዚህ ላይ ቀልዱን ለአፍታ እንድተወው ይፍቀዱልኝ። ሆስፒታል እስክንደርስ እጄን ከሆዷ ላይ አላነሣሁም። የሆስፒታሉ አዋላጅ ማዳመጫዋን አስጠግታ የልቡን ምት እስክታሰማን ድረስ እኔም የምተነፍስ አይመስለኝም ነበር።

ሦስተኛ፦ አዋላጇ ስለ አወዳደቋ ስትጠይቅ የዓይኗን ነገር ሰማች። ዳፍንት እንደሆነ፣ የሚያመጣውም የቫይታሚን ኤ እጥረት እንደሆነ ነገረችን። ትልቁ መጠን ጽንስ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ለነፍሰ ጡር የሚታዘዘው በየቀኑ የሚወሰደው ትንሹ ነው አለች። የት ይገኛል ብንላት ወደ እርስዎ መለሰችን። ለካ የመድኃኒቱ ካርቶን መጋዘንዎ ውስጥ እንደታሸገ ተቀምጧል! የመጋዘኑ ሠራተኛ፣ ከላይ የሚመጡ ጎብኚዎች እስኪያዩት እንዳይከፈት እርስዎ አዝዘው እንደነበር እያፈረ ነግሮን ሰጠን። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የእህቴ ዓይን ተመለሰ፤ ቀኗም ሲደርስ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

አራተኛውን ልተወው ነበር፤ አልሆነልኝም። እህቴ አራስ ሳለች አስጠርተው፣ በጎብኚዎቹ ካሜራ ፊት ትልቁን እንክብል ሊያጎርሷት እጅዎን ዘረጉ። ከወለደች በኋላ እንደማያስፈልጋት፣ ይልቅ ደህና ምግብ እንድትበላና ልጇን እንድታጠባ አዋላጇ ነግራት ስለነበር በትህትና እምቢ አለች። እርስዎም ምስጋና ቢስ አሏት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ደፍሬ አይደለም፤ ሰፈሩ ሲል ሰምቼ ነው።

በትዕግሥትዎ የታገሥን፣ በቸርነትዎ ለጥቂት የተረፍን፣
ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ነፍሰ ጡር ናት፤ እሷም ሲመሽ አይታያትም። ሰኞ ጠዋት እርስዎ ዘንድ ትመጣለች፤ የመንደሩ ሴቶች በሙሉ እንሸኛታለን። ለእኛ ወንበር አይጨነቁ፤ መድኃኒቷን እስክትቀበል እንቆማለን። ለራስዎ ግን ደህና ወንበር ያዘጋጁ፤ በሩ ላይ ስለምንቆም ቶሎ አይወጡም።