ማንንም ሳይዘልሉ የተንበረከኩት የማማ ዳማሊ ናቡኬራ የሕይወት ታሪክ

ማማ ዳማሊ ናቡኬራ ከአባታቸው ከሰባኪው ናሳኒ ኪጎዚና ከእናታቸው ከሎሲራ ናልዎጋ፣ በቡጋንዳ ምድር በምትያና አቅራቢያ በናማሌሬ መንደር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 6 ቀን 1941 ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። አባታቸው እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮ መትተው ምእመናንን የሚጠሩ፣ ከበሮው ከቆመ በኋላ የመጣውን ደጅ የሚያቆሙ፣ በዚህም ለልጆቻቸው እንኳ የማያዳሉ ሰው ነበሩ። እናታቸው ደግሞ ሴት ልጅ ከእሷ የሚበልጥ ሰው ስታገኝ በሁለት ጉልበቷ ተንበርክካ ሰላም እንድትል የሚያዘውን የአገራችንን ወግ፣ ዳማሊ ገና መራመድ እንደ ጀመሩ አስተማሯቸው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው በአንድ የዝናብ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የደረሱት ስብከቱ ካለቀ በኋላ ነበር። ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሷል፤ ነጭ ቀሚሳቸውም ቀይ ሆኗል። አባታቸው በጉባኤው ፊት አቁመው ጠየቋቸው።

«የት ቆየሽ?»

«ሰው ሰላም ስል ነበር፣ አባባ።»

«ከበሮው አልተሰማሽም?»

«ተሰምቶኛል። ግን መንገዱ ሁሉ ሰው ነው። ማንን ልዝለል?»

ይህ ነገር በቤታችን ዛሬም ይነገራል። ታላቅ ወንድማቸው በዚያ ጠዋት በሰዓቱ ደርሰው ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ በመንገድ ማንን እንዳገኙ ግን ያኔም አላወቁ፣ ዛሬም አያስታውሱም።

ማማ ዳማሊ በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ እናታቸው በመታመማቸው ትምህርታቸውን አቋረጡ። በ1960 የቤተ ክርስቲያኑን ወንበሮች የሠሩትን አናጢ ዮሱዋ ሙሊንድዋን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው አራት ልጆች ወለዱ፤ ከእነርሱም አንዷ በሕፃንነቷ በኩፍኝ ዐረፈች። በ1966 በቡሉንጊ ኮረብታ በሚገኘው የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት በወጥ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠሩ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሆኑ። ሦስት መቶ ሃያ ተማሪዎች ጠዋት አጥሚት፣ ቀትር ላይ ማቶኬ የተባለውን የሙዝ ምግብ ከእጃቸው በልተዋል። ሙዙ ገና ጎህ ሲቀድ መላጥ ነበረበት፤ ከዚያም በቅጠሉ ተጠቅልሎ በእንፋሎት እስኪበስል ግማሽ ቀን ይፈጃል። ያ ወጥ ቤት የጭስ፣ የድስት ጩኸት፣ የሬዲዮና የጭቅጭቅ ቤት ነበር። ማማ ዳማሊም በዚያ መካከል ነበሩ።

በዚህ ሳምንት አንዳንድ የደብሩ ሽማግሌዎች ወደ ቤተሰቡ መጥተው ቀጥሎ ያለው ነገር በቀብር ላይ እንዳይነበብ መክረዋል። ቤተሰቡ ምክሩን በአክብሮት ሰምቶ አልተቀበለውም። ማማ ዳማሊ ያላፈሩበትን እኛ አናፍርበትም።

በ1974 የደብራችን «የዳኑት» ማኅበር አባላቱ ሁሉ ማለዳ ማለዳ ለአንድ ሰዓት በጸጥታ ከእግዚአብሔር ጋር እንዲቀመጡ ደነገገ። ሰዓቱ ድስቶቹ የሚጣዱበት ሰዓት ነበር። ማማ ዳማሊ አንድም ቀን አልተገኙም። የማኅበሩ መሪ መምህር ኤራስቶ ሴብዋና ወደ ወጥ ቤቱ በር መጥተው ገሠጿቸው።

«ማማ ዳማሊ፣ ጌታ በዚህ ጫጫታ ውስጥ አይገኝም። ነፍስሽ ተኝታለች።»

«ተኝታ ከሆነ ጠዋት ጠዋት እሳቱን የሚያነደው ማን ነው፣ ጌታዬ?»

ነገሩ ወደ ማኅበሩ ቀረበ። ማማ ዳማሊም በእሑድ ከሰዓት በኋላ ጉባኤ ቆመው፣ በሥራ ተይዘው እግዚአብሔርን መርሳታቸውን እንዲናዘዙ ተወሰነባቸው። በማኅበሩ ልማድ አንድ ሰው ቆሞ በተናዘዘ ቁጥር ጉባኤው ወዲያው የምስጋናውን መዝሙር ያነሣል፤ መዝሙሩ ከተዘመረ ኃጢአቱ ተሰረየ፣ ነገሩም አለቀ ማለት ነው። ማማ ዳማሊ በቀጠሮው ቀን ቆሙ።

«ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ» አሉ፤ «ሐሙስ ዕለት እንጨት ፈላጩን ሰድቤዋለሁ፤ እሱም ይቅር ብሎኛል። እናንተ የጻፋችሁልኝን ኃጢአት ግን ሳምንቱን ሙሉ ፈልጌ አጣሁት። እግዚአብሔርን አልረሳሁም። ያልሠራሁትን አልናዘዝም።»

ንግግሩ ባለቀበት ቅጽበት ቶፒስታ የተባሉ እናት ከልማድ ብዛት መዝሙሩን አነሡ። ግማሹ ጉባኤ እያጨበጨበ ተቀበላቸው። መምህር ኤራስቶ ሁለት እጃቸውን እያወናጨፉ «ተዉ! ተዉ! አልተናዘዘችም እኮ!» ሲሉ ሁለተኛው አዝማች ተጀምሮ ነበር።

«ይህ መዝሙር አይቆጠርም!» አሉ መምህር ኤራስቶ፣ በመጨረሻ ዝም ሲባል።

«ታዲያ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ማን ያወርደዋል?» ብለው ጠየቁ ቶፒስታ፤ በአዳራሹም ሳቅ ሆነ።

ሳቁ ግን ማማ ዳማሊን አላዳናቸውም። በሳምንቱ የደብሩ ጉባኤ፣ እስኪናዘዙ ድረስ ወደ ጌታ ማዕድ እንዳይቀርቡ ወሰነ። ለሰባኪ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ቅጣት አልነበረም። አንዲት ቃል ቢናገሩ ያበቃ ነበር፤ ባለቤታቸውም «በይና ግቢ፣ እግዚአብሔር ልብሽን ያውቃል» ብለው ለምነዋቸዋል። እሳቸው ግን ይህን መለሱ፦ «ዮሱዋ፣ ከእኔ ጋር እንዳልነበረ ብናገር እኮ የምዋሸው በእኔ ላይ አይደለም፤ በእሱ ላይ ነው።»

አራት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ መጥተው በበሩ አጠገብ፣ ከበሮው በተቀመጠበት በኋለኛው ወንበር ተቀመጡ። ጽዋው ሲዞር ባዶ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ ያኖሩ ነበር። አንገታቸውን ሲደፉ ያያቸው ሰው ካለ፣ ዛሬ እዚህ ቆሞ ይመስክር።

በኤፕሪል 1978 ከባድ ዝናብ ዘንቦ ረግረጉን የሚያሻግረውን ድልድይ ወሰደው። የወጥ ቤቱ ረዳቶች ከማዶ ቀሩ። በዚያው ጠዋት መምህር ኤራስቶ በትምህርት ቤቱ ለምትማር ልጃቸው ብርድ ልብስ አምጥተው መመለሻ አጥተው ነበርና፣ ከዝናቡ ለመጠለል ወደ ወጥ ቤቱ ገቡ። ማማ ዳማሊ እንደ ወጉ ተንበርክከው ሰላም አሏቸው፤ ሳይነሡም ጥቂት ቆዩ። ከዚያም ቢላዋ አቀበሏቸው።

«እኔ? ወንድ ማቶኬ ሊልጥ?»

«ሦስት መቶ ሃያ ልጆች ምሳ ይጠብቃሉ፣ ጌታዬ። አንዷ የእርስዎ ናት።»

መምህር ኤራስቶ ተቀምጠው ላጡ፤ ያውም ከሙዙ ግማሹን ከልጣጩ ጋር እየጣሉ። እየላጡም አዩ። ወተት አምጪው ገባ፤ ማማ ዳማሊ ቢላዋቸውን አኑረው ተንበረከኩ። ዘበኛው ገባ፤ ተንበረከኩ። ሻይ ዘገየብኝ ብላ የምትቆጣ አስተማሪ ገባች፤ ቁጣዋን ሳትጨርስ ተንበረከኩላት። ሆዷን የታመመች ትንሽ ተማሪ ስትመጣ ደግሞ፣ ወጉ ለልጅ ባያዝም፣ ወደ እሷ ዝቅ አሉ። በእያንዳንዱ ጊዜ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድስቱም በዚያው መጠን ይጮኻል። መምህሩ ዐሥራ አራት ጊዜ ሲሆን መቁጠሩን ተዉ።

«ስትንበረከኪ ምንድን ነው የምትይው?»

«ስማቸውን ነው። እግዚአብሔር አብሯቸው ይቆማል፤ እኔ ደግሞ ስማቸውን እነግረዋለሁ።»

«ከማን ጋር ነው የሚቆመው?»

«ከሚገባው ሁሉ ጋር ነዋ። ጸጥታ ቢሆን ኖሮ ማን ይገባ ነበር?»

መምህሩ ጥቂት ላጡና «የእኔንስ ስም?» አሉ።

«አራት ዓመት ሆነኝ፣ ጌታዬ። የእርስዎ ከሁሉም ይረዝማል።»

በሚቀጥለው እሑድ መምህር ኤራስቶ በማኅበሩ ፊት ቆመው፣ በማለዳው የጸጥታ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት ስለ ብስክሌታቸው ጎማና ስለ ጎረቤታቸው አጥር እንደ ነበር ተናዘዙ። በደል የሌለባትን ሴት ከጌታ ማዕድ ማራቃቸውንም ተናገሩ። ጉባኤው ደነገጠ፤ የመሪውን ኑዛዜ ሰምቶ አያውቅምና የሚዘምር ጠፋ። መዝሙሩን ከኋለኛው ወንበር ያነሡት ማማ ዳማሊ ነበሩ።

ወደ ማዕዱ በተመለሱ ጊዜ ከፊት ወንበር ተሰጥቷቸው ነበር። አልተቀበሉም። እስከ መጨረሻው እሑዳቸው ከበሮው አጠገብ ተቀመጡ፤ ዘግይቶ የሚመጣውን ሰው ቀድሞ የሚቀበል በዚያ ያስፈልጋል ይሉ ነበር። የ1974ቱ ውሳኔ ከደብሩ መዝገብ ይሰረዝ ሲባልም «አይሰረዝ፤ አራቱ ዓመት የእኔ ናቸው» ብለዋል። ገጹ ዛሬም በቦታው አለ፤ እዚያው ይኖራል።

ባለቤታቸው በ1984 ዐረፉ። እሳቸው በ1999 በጡረታ ተሰናበቱ። በ2009 ሐኪም ጉልበታቸውን መርምሮ ከእንግዲህ እንዳይንበረከኩ አዘዘ፤ እሳቸውም የታዘዘውን መድኃኒት በሰዓቱ እየዋጡ ተንበረከኩ። ካምፓላ የተማረችው የልጅ ልጃቸው ሚሪያ «ጃጃ፣ በዚህ ዘመን ሴት ለማን ትንበረከካለች?» ብላ ብትሞግታቸው «አንቺ ቆመሽ ጥሪያቸው። ብቻ ስማቸውን ጥሪ» አሏት።

በልብ ሕመም ከአልጋ ከዋሉ በኋላ፣ ጠያቂ በገባ ቁጥር የቀኝ እጃቸውን ሁለት ጣቶች በብርድ ልብሱ ላይ አቁመው፣ እንደ ጉልበት ያጥፏቸው ነበር። በመጨረሻው ሳምንት የዘጠና ዓመቱ መምህር ኤራስቶ በምርኩዝ ገቡ። ማማ ዳማሊ ጣቶቻቸውን አጠፉ። በዚህ ጊዜ መምህሩ፣ ወግ ለወንድ የማያዘውን፣ ዕድሜም የማይፈቅደውን አደረጉ፤ በአልጋው አጠገብ በሁለት ጉልበታቸው ወረዱ። ለማንሣት ሁለት ጎልማሶች አስፈልገዋል። «ቢላዋ ብሰጥዎ ኖሮ ደግሞ ዛሬም ግማሹን ይጥሉት ነበር» አሉ ማማ ዳማሊ። ያን ቀን በቤቱ ከታማሚዋ በቀር ያላለቀሰ አልነበረም።

ማማ ዳማሊ ናቡኬራ ጁን 14 ቀን 2019፣ በተወለዱ በ78 ዓመታቸው፣ ጠዋት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት እየሄዱ በሚንጫጩበት ሰዓት ዐረፉ። ልጆቻቸው ዩኒያ፣ ኢሬኔዮና ኬዝሮን፣ ዐሥራ አንድ የልጅ ልጆች፣ ታላቅ ወንድማቸው፣ ከእጃቸው የበሉ የማይቆጠሩ ልጆችም ከኋላቸው ቀርተዋል። ወጥ ቤት ሠራተኛ ብቻ ነበሩ የሚል ካለ፣ አዎን፣ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበሩ።

በመንገዳቸው ያገኙትን ሰው ሁሉ በስሙ የጠሩለት አምላክ፣ በበሩ ሲደርሱ በስማቸው ይጥራቸው። እሳቸው ማንንም አልዘለሉም፤ እርሱም አይዝለላቸው። አሜን።