ያኮረፍኳት ነርስ

ልጄ፣ ደጅሽ በመልካም ይከፈት፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን። እኛ ደህና ነን፤ የሚያፈሰው ጣሪያም ተጠገነ።

ጤና ጣቢያ በነርስነት የምትሠራውን የጎረቤታችንን ልጅ የአክስትሽን የምርመራ ውጤት ብጠይቃት፣ «እትዬ፣ ሕጉም ህሊናዬም አይፈቅድልኝም፤ እሳቸውን ይጠይቋቸው» አትለኝም! በጀርባዬ ያዘልኳት ልጅ! አኩርፌ ሰላምታ ነሳኋት።

ባለፈው ወር ጡቴ ላይ እብጠት ዳሰስኩ። ለማን ልንገር? እግሬ እሷው ዘንድ ወሰደኝ፤ የአክስትሽን ያልነገረችኝ የኔንም ለማንም አትነግርም ብዬ። እጄን ይዛ አስመረመረችኝ፤ ክፉ አይደለም ተባልኩ፣ ተመስገን። አክስትሽ ስለ እኔ ጠይቃት እምቢ ስላለቻት፣ አሁን ደግሞ አኩራፊዋ አክስትሽ ሆናለች!

ትምህርትሽን ጨርሰሽ ነርስ ስትሆኚ፣ ሰው ገመናውን ሳይፈራ የሚያምንሽ ያድርግሽ። አደራ፣ እኔ እናትሽ እንኳ ስለ ሰው ሕመም ብጠይቅሽ እንዳትነግሪኝ፤ ባኮርፍም ይበርድልኛል።