የምትጾመው ዓሣ

ብዕሩን የያዘችው ሳምራ ናት፤ ኮተቤ መምህርነት የምትማር፣ የሴት ልጄ የናዝሬት ተከራይ። ቃሉ ግን የእኔ ነው፤ አንድም እንዳትለውጥብኝ አስምያታለሁ።

ይድረስ ለወንድሜ። እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ? የዝዋይ ነፋስ በረታ ወይስ ጋብ አለ? እኔ ከጠፋው ዓይኔ በቀር ደኅና ነኝ፣ ተመስገን። በስልክ ያልነገርኩህ ድምፅህን ስሰማ ስለምቆጣ ነው።

መልእክትህ ደርሶኛል። ማንኛውም ጀልባ በቀን ከሃምሳ ዓሣ በላይ እንዳያወጣ፣ በመራቢያው ወራትም ሐይቁ ዳር ባለው ደንገል ውስጥ መረብ እንዳይጣል ቅዳሜ በአጥማጆች ጉባኤ ልትወስኑ ነው። አጥማጁ ደግሞ «ታላቅየው ካልፈቀደ አንፈርምም» ብሏል። ደግ ብሏል! በዚያ ሐይቅ ከእኔ በላይ ያወጣ የለም።

የዛሬ ዐሥር ዓመት ይህንኑ ስትል ተነሥቼ «ዓሣ ተማሪ ነው ወይ በቁጥር የሚጠራ?» ብዬ ሰው አሳቅሁብህ።

በሁዳዴ ናዝሬት ጉርድ ሾላ ወስዳ ዓሣ ጋበዘችኝ። በእጄ ዳሰስኩት፤ ከራሱ እስከ ጅራቱ መዳፌ ላይ አለቀ። አሳላፊውን «ይኼ ዓሣ አይደለም፣ ሕፃን ነው» አልኩት። «አባባ፣ ትልቁን እናንተ በላችሁታ!» አለኝ። ስድ! እጄን ታጥቤ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ደጃፍ ስቀመጥ የእንጦጦ ጉም ወርዶ ይከብበኛል። እርጥበቱ ፊቴን ሲነካው ሐይቁ ላይ ነኝ። ባሕር ዛፉ ደንገል ይሆናል፤ ቆሮሶ ዓሦቹ በግንዱ መሃል ቀስ እያሉ ያልፋሉ፤ ሁሉም እናቶች፣ ሁሉም አፋቸውን የገጠሙ። ታውቃለህ፣ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ታቅፋ ግልገሎቿ እስኪወጡ ድረስ እህል አትቀምስም። ከተማው ሥጋ ሲጾም ዓሣ ይፈልጋል፤ እኔም በዚያው ወር ደንገሉ ውስጥ እገባ ነበር። በመረብ ስጎትታት ልጆቿን ትተፋቸዋለች። ጀልባዬ ወለል ላይ እንደ ጤፍ ፈስሰው ሲንቀጠቀጡ በውኃ አጥቤ እደፋቸዋለሁ። ጾምን አልን፤ የበላነው ጿሚዋን ነው።

ስለዚህ ፈቅጃለሁ። ልጄ ዓምደ ሚካኤል በእኔ ጀልባ እንደ ማንም ሃምሳ ያውጣ፤ ካለፈ መረቡን ውሰዱበት። እስከዚህ ድረስ ለጉባኤው አንብብላቸው።

የሚቀጥለው ለብቻህ ነው። ያን ጊዜ ደንገሉን ለመከለል እንዲንሳፈፍ ቅል እያሰርክ የዘረጋኸው ገመድ ተቆርጦ ሲገኝ፣ ጉማሬ ነው ተባለ። ጉማሬ የበጠሰው ገመድ ጫፉ ይተለተላል። ያኛው በእኔ ቢላዋ በአንድ ምት ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነበር። አንተም ጫፉን በእጅህ ይዘህ አይተኸዋል። አይተህም ለማንም አልተናገርክም።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፤ የሐይቁን በረከት ይመልስልህ፤ ልጆችህ ክንድ የሚያክል ዓሣ ለማየት ይብቁ።

ታላቅ ወንድምህ

በይ ሳምራ፣ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። ገመዱ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ናዝሬት ጓዳ ናት።