ልጅሽን ከሥራ ያስወጣ ስልክ

ለእታለሜ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያንገላታሻል? እኔ ከሳሉ በቀር ደህና ነኝ። ባለፈው ስደውል ልጅሽ ከክፍሏ እንደማትወጣ፣ ካልተለመነች እህል እንደማትቀምስ ስትነግሪኝ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ነው ብዬ ዘጋሁት። መስመሩ ደህና ነበር። በአፌ ያቃተኝን በወረቀት ልሞክረው።

ወረርሽኙ በገባ በአራተኛው ወር፣ ሥራ መቼ ይከፈት የሚለውን በሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ እንደነበርኩ ታውቂያለሽ። ሐኪሞቹ ዘግተን እንቆይ ይላሉ፤ የገንዘብ ሰዎቹ ሰዉ በበሽታው ሳይሆን በረሃብ ሊያልቅ ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። የእኔ ሥራ ሁለቱን ሞት ማስላት ነው፤ ፋብሪካዎቹ ቢዘጉ ስንት ሰው፣ ቢከፈቱ ስንት ሰው። ቢከፈቱ የሚሞተው በጥቂቱ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። ደጋግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው። ሊቀመንበሩ፣ "እርግጠኛ ነህ?" አሉኝ።

"በወረቀት ላይ እርግጠኛ ነኝ" አልኳቸው። ፈረሙ።

ከስብሰባው እንደወጣሁ ደረጃው ላይ ቆሜ ስልክ ደወልኩ። ልጅሽ የምትሠራበትን የልብስ ስፌት ፋብሪካ አውቀዋለሁ፤ መስኮቱ የማይከፈት፣ ሰፊዎቹ ክንድ ለክንድ እየተነካኩ የሚቀመጡበት ነው። ኃላፊው አብሮ አደጌ ነው። ሰበብ ፈልገህ አሰናብታት፣ እኔ መሆኔን እንዳትነግራት አልኩት። አሰናበታት። በማግስቱ ደወለችልኝ። "አጎቴ፣ ምን አጠፋሁ? የሰፋሁት ልብስ አንድ ቀን ተመልሶብኝ አያውቅም" ብላ አለቀሰች። ጊዜው ነው፣ አይዞሽ አልኳት።

በእሷ የስፌት መኪና ላይ የተቀመጠችው ያቺ ሳቂታዋ የጎረቤታችሁ ልጅ መሆኗን የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። ቦታው ክፍት ነው ብላ የላከቻትም ልጅሽ ናት አሉ። እህል የከለከላት ይኸው ነው።

ሂሳቤ አልተሳሳተም፤ የሚያንገበግበኝም ይህ ነው። የሞተው ሰው ከገመትኩት በታች ሆኖ ኮሚቴው አመስግኖኛል። ለአገር ይበጃል ያልኩትን ግን ለእህቴ ልጅ አላመንኩትም።

ንገሪያት ወይም ደብቂያት አልልሽም። ብትነግሪያት የምትጠላው ሰው ታገኛለች፤ ምናልባት ራሷን መጥላት ትተው ይሆናል። እኔ መጥቼ ፊቷን ለማየት ወኔው የለኝም፤ የሚኖረኝም አይመስለኝም።

ነገ ስለ ትምህርት ቤቶች እንሰበሰባለን። ስሌቱን ጨርሼዋለሁ፤ ይከፈቱ ነው የሚለው። አንቺ ደግሞ በዚህ ዕድሜሽ ያ ሁሉ ተማሪ ሲያስልበት የዋለውን ክፍል እየዞርሽ የምታጸጂ ነሽ። ርእሰ መምህሩን አላውቃቸውም፤ ስልካቸውን ግን አፈላልጌ አግኝቻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ቢሮ ቢያስጠሩሽ፣ እታለም፣ እሳቸውን አትቀየሚያቸው።

ያላችሁበትን ቤት ከሞት ዓይን ይሰውርልኝ። ለእናንተ ከመጸለይ አልቦዝንም፤ ለእኔ ግን አትጸልዩ።

አንቺ ያሳደግሽው ወንድምሽ