የቲማቲም ሳጥኑ ሩምባ

ማክሰኞ፣ ጥር 4። ጠዋት 2 ሰዓት

ጣቶቼን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ ጀመርኩ። ቀኙ እሺ አለ። ግራው ያኮርፋል። ወንዛዬ ፍል ውኃ ሁለት ሳምንት ከርሜም ያው ነው። እንግዲህ አንተ ደብተር ስማኝ፤ ጣቶቼ ሳይከዱኝ ሩምባውን፣ ያንን የኩባ የከበሮ ዘፈን፣ ለሰው ካላስረከብኩ አብሮኝ ይቀበራል።

የቲማቲም ሳጥኑ ደረሰ። አናጺው ክፍተቱን በጣውላ ደፍኖታል። ምን ሊያስቀምጡበት ነው አለኝ። እንደ ከበሮ ልመታው ነው ስለው ሳጥኑን እንደገና አገላብጦ አየው። ልጅ ሆኜ ኩባ ስማር፣ የትምህርት ቤታችን ወጥ ሠሪ ናት ሩምባውን ያስተማረችኝ። ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙት አያቶቿ ከበሮ ሲከለከሉ የዕቃ ሳጥን ይመቱ ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 7

ከወረታ ወደ ገጠሩ ቁሐር ሚካኤል ወረድኩ። የባለቤቴ እህት ልጅ ጥሩነሽ ጥር 16 ልጇን ትድራለች። ለሰርጉ ሩምባ የማስተምራቸው ስድስት ሴቶች ሰብስባልኛለች፤ የሩዝ አረም አብረው የሚያርሙ። ሲዘፍኑ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሩምባም እንዲሁ ነው፤ ይህን ማስተማር አላስፈለገኝም።

ጭብጨባው ግን ጉድ ነው። አራት አራት እያልኩ እቆጥራለሁ፣ እነሱ ሦስት ሦስት ያደርጉታል። ተቆጣሁ። ጡረታ ብወጣም ነርስ ነኝ፣ መቆጣት ልማዴ ነው። ጥሩነሽ፦ «እትዬ፣ እጃችን ነው እንጂ እኛ አይዶለንም።»

ሐሙስ፣ ጥር 13

ዛሬም ሦስት ሦስት። ሦስት ቀን ቀረን። በሙሽራው ወገን ፊት መሣቂያ ልሆን ነው። ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል እነሱ ለራሳቸው ቀጠሉ።

ቆምኩ። ይህን ምት አውቀዋለሁ። ኮሉምቢያ ይሉታል፤ የኩባ ገጠር ሰዎች፣ የሸንኮራ አገዳ ቆራጮች ሩምባ። የሚሄደው በሦስት ሦስት ነው። የወንድ ነው ብለው ለእኛ ለሴቶቹ አላስተማሩንም፤ በር ላይ ቆሜ ነበር የማየው። ለእኔ የተከለከለውን የቁሐር አራሚዎች በእጃቸው ይዘውት ኖረዋል! ሳምንት ሙሉ የተቆጣሁት ባልተሳሳቱት ላይ ነው። ይቅርታ ጠየቅሁ። ሳቁብኝ። ደስታዬን የት ላድርሰው።

ሰኞ፣ ጥር 17

ትናንት ሰርጉ። እኔ ሳጥኑን መታሁ፣ ሴቶቹ ተቀበሉ፣ ዳሱ በሙሉ አጨበጨበ። መሃል ላይ ግራ እጄ ተወኝ። ጥሩነሽ አየችኝ። ገፋ አድርጋኝ ቦታዬን ያዘችና መታችው። ምቱ አልተቋረጠም፤ ማንም አላወቀብን።

የሙሽራው አያት ይህ የማን አገር ዘፈን ነው አሉኝ። የኩባ ነው፣ የቁሐርም ነው አልኳቸው። «ነው እንጂ» አሉ፣ ድሮ እንደሚያውቁት ሁሉ። ኮራሁ። በጥሩነሽ ኮራሁ፣ በሴቶቹ ኮራሁ፣ በራሴም።

ረቡዕ፣ ጥር 19

ወስኛለሁ። ሳጥኑ ወረታ አይመለስም፣ እዚያው ጥሩነሽ ጋ ይቅር።

አሁን ጥሩነሽ ደወለች። አላወራችኝም፤ ስልኩን ሳጥኑ አጠገብ አስቀምጣ መምታት ጀመረች። ሴቶቹም አሉ። ሦስት ሦስት። ግራ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እየሰማሁ ነው፣ እሱም በቀስታ ሦስት ሦስት ይመታል።