ከእናቴ መደብ ሥር የገባው ውሃ

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ አለነ፣

እንዴት ከረሙ አባየ? ወገብዎን ተሻለዎት ወይ? የሐዋሳ ምግብና ውሃስ ተስማማዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም በሕይወት አለን። አራሱ ወንድሜ ማሙሽም ጡቱን በደንብ ይዟል፤ ግንባሩ የእርስዎ ነው ይላሉ። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ወሬያችን ስላልደረሰዎት ይህን ወረቀት በሾፌሩ በፈሀድ እጅ ልኬዋለሁ። ፊት ለፊት ብንሆን ይህን ሁሉ አልናገርም ነበር። እናቴም «ሰው አገር ያለ ሰው አይረበሽም፣ እንዳትጽፊለት» ስላለችኝ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት።

በግንቦት አጎቴ ፈረደ ከጓሮው ግድግዳ ሥር እስከ ፈፋው ድረስ ቦይ ቆፍሮ እንደነበር ነግሮዎታል። ከላይ የሚመጣው ውሃ በመሬት ውስጥ ቤቱን ዞሮ እንዲያልፍ ብሎ ነው። ታቹን የማሽላ አገዳ ረበረበና የቆፈረውን ዋልካ አፈር መልሶ ደፈነበት። ለሙከራ በርሜል ሙሉ ውሃ ብንደፋበት ወዲያው ጠጣው። አጎቴም «ዘንድሮስ ዝናቡ ራሱ ይጠማዋል» እያለ ሳቀ። እኔ ፈፋው ጋ ወርጄ ሳይ የቦዩ አፍ ደረቅ ነበር። «አጎቴ፣ በዚህ በኩል እኮ አልወጣም» ብዬ ብነግረው፣ «አንቺ ደግሞ፣ ዓመት ሙሉ ዝም ብለሽ ዛሬ በውሃ ልትከራከሪኝ ነው?» አለኝ፤ ሁሉም ሳቁብኝ። መሬታችንን ያውቁታል፤ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ውሃውን የጠጣው ስንጥቁ እንጂ ቦዩ አልነበረም።

ሐምሌ ሲገባ ዋልካው አብጦ ተዘጋ፣ አገዳውም በሰበሰ። ቦዩ ውሃውን አቁሮ ወደ ቤት መለሰው። መጀመሪያ ወለሉ ላበው፤ ቀጥሎ እናቴ ከታረሰችበት መደብ ሥር ውሃ ይመነጭ ጀመር። ባለፈው ማክሰኞ የጓሮው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ጎረቤታችን ባለሱቋ እትዬ መጂዳ ጃንጥላ ይዛ መጥታ «ተነሺ፣ እኔ ቤት ታረሺ» ብትላት፣ እናቴ «የልጄ አርባ ቀን ሳይሞላ ከደጅ አልወጣም» አለች። «ሰማዩ ያንቺን አርባ ቀን የሚጠብቅ መሰለሽ? ግድግዳው ከወደቀ ማን ክርስትና ሊነሳ ነው?» ብላ እትዬ መጂዳ ተቆጣቻት። እናቴ ፊቷን አዞረችባት።

አጎቴም ቦዩን መክፈት ፈርቶ «ሥሩን ከነካሁት ይናዳል» እያለ ይዞር ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አካፋውን አንስቼ ከፈፋው በኩል መቆፈር ጀመርኩ። «ከታች ከጀመርን ውሃው እየቀደመን ይወርዳል፤ ግድግዳው ጋ የምንደርሰው መጨረሻ ነው» አልኩት። ትንሽ አየኝና ዶማውን ይዞ ተከተለኝ። እትዬ መጂዳ ከወንዝ ጠጠር በጋሪ አስጫነችልን። ግድግዳውን በባላ ደግፈን፣ ቦዩን ወደ ፈፋው አዘቅዝቀን፣ ጠጠሩን ሞላን። ዋልካው እንዳይገባበት በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍነን አፈር መለስንበት። ግድግዳው ሥር ስንደርስ ጭቃው እየተላጠ አናታችን ላይ ይወርዳል፣ ውስጥ ማሙሽ ያለቅሳል። አጎቴ እንኳ መቀለዱን ተወ።

ትናንት ከሰዓት ሰማዩ በሱዳን በኩል ጠቆረና እንደ ጉድ ዘነበ። ቦዩ አፍ ላይ ቁጢጥ ብዬ ጠበቅሁ። ቆየ፣ በጣም ቆየ። ከዚያ ድፍርስ ውሃ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ እንደ ቧንቧ ይወርድ ጀመር። «ወጣ! ውሃው ወጣ!» ብዬ ስጮህ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። እትዬ መጂዳ «ይቺ ልጅ ድምፅ ነበራት እንዴ?» አለች። እናቴ ከመደቡ ዝቅ ብላ ወለሉን በመዳፏ ስትዳስስ አዲስ ውሃ የለም።

ዛሬ ጠዋት አጎቴ ስንጥቁን ሊመርግ ጭቃ ሲያቦካ እናቴ ከለከለችው። «ለጊዜው ባላው ይያዘው። እሱን ቤቱን የሠራው ሰው መጥቶ ይመርገዋል» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አሁን ጻፊለት» አለችኝ። ክረምቱ ገና አላለቀም፤ በዘነበ ቁጥር ወጥቼ ባላው መያዙን በእጄ ነክቼ አያለሁ።

እናቴ «ወገብህን ጠብቅ» ብላለች። አጎቴ ፈረደ ከነማፈሩ ሰላም ይልዎታል። እትዬ መጂዳም እንደዚሁ። አብረውዎት ለሚያድሩት ሠራተኞች ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ማሙሽ ገና ስም የለውም፤ ክርስትናው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ጭቃውን እኔ አቦካለሁ፣ እርስዎ ይምጡ።

ልጅዎ ስርጉት
ኮኪት፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.